ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ፤ የጣርማ በር ጎዳናና ታሪኩ

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አልፎ ወደ ደሴ የሚያደርሰው አውራ ጎዳና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በዚህ ጎዳና ለመንግሥት ሥራ የሚላከው፣ ለንግድ የሚመላለሰውና ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄደው ሰው እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከተጓዡ የሚበዛው ወይ በመኪናው ውስጥ ያንቀላፋል፣ ወይ ደርሶ ስለሚፈጽመው ጉዳይ ያወጣል ያወርዳል እንጂ፣ የሚያልፍበት አገር ምን እንደ ሆነና ከእርሱ በፊት ማን እንዳለፈበት ልብ ብሎ የሚመለከት ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ይህንኑ መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሳብ እየተጓዝን የአገሩን መልክና የመንገዱን ታሪክ አንድ ላይ እንመለከታለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ወጥቶ ለገዳዲንና ሰንዳፋን ያለፈ መንገደኛ የሚያገኘው ሰፊ ደጋ ሜዳ ነው። በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ በኩል ሲያልፍ በግራና በቀኝ የገብስና የስንዴ እርሻ፣ የከብት መሰማሪያ መስክና በባሕር ዛፍ የተከበበ መንደር እየተፈራረቀ ይታየዋል። መኪናውም ሳይቸገር ይሮጣል፤ ተሳፋሪውም መንገዱ ሁሉ እንዲህ የቀና መስሎት ይዘናጋል።

የዚህ ሜዳ ጸጥታ ግን ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ያመጡት ሠራዊትና ከሸዋ የተሰለፈው ጦር የተጋጠሙት ከዚህ ጎዳና ብዙ በማይርቀው በሰገሌ ሜዳ ነበር። ጦርነቱ በአንድ ቀን ተፈጽሞ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው ግን እጅግ ብዙ ነበር። የወደቀውም ሁሉ የአንድ አገር ሰው ነበር። ስለዚህ ይህ መንገድ ገና አስፋልት ሳይነጠፍበት፣ ገና የመኪና ጎማ ሳያውቀው፣ የሸዋና የወሎ ዕጣ የሚወሰንበት መተላለፊያ እንደ ነበረ እንረዳለን።

በ130ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ትገኛለች። ይህችን ከተማ በ15ኛው መቶ ዘመን የመሠረቷት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ስሟም በዚያን ጊዜ በሰማይ ከታየው ብርሃን የተነሣ እንደ ወጣ ታሪክ ይናገራል። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ስለሚደርስ ብርዷ የታወቀ ነው፤ በዚህም ምክንያት የብርድ ልብስ ፋብሪካ በእርሷ ላይ መቋቋሙን የሚሰማ ሰው ሁሉ ሥፍራው እንደ ተገባው ይቈጥረዋል። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚገኘው አንኮበር ነው። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. በሻምበል ሐሪስ ከሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ጋር የውል ስምምነት ባደረጉበት ዘመን፣ ሸዋ ከባሕር ጋር የሚገናኘው በዚያው በአንኮበር ቁልቁለት እየተወረደ በአዳል በረሃ በኩል ነበር። ያን ጊዜ የሸዋ በር አንኮበር ሲሆን በኋላ ዘመን ግን በርነቱ ወደ ሰሜን ተዛውሮ የጣርማ በር ድርሻ ሆነ።

አሁን ወደ ጣርማ በር ደረስን። አባቶቻችን ተራራው ሰንጠቅ ብሎ ሰውና ከብት የሚያሳልፍበትን ሥፍራ «በር» ብለው መጥራታቸው የታወቀ ነው፤ ይህም ሥፍራ በእውነት በር ነው። ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በስተምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በጅማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይገባና ግብፅ ድረስ ይሄዳል፤ በስተምሥራቅ የሚዘንበው ግን በሮቢና በጀውሃ ወንዞች ወደ አዋሽ ወርዶ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። አንዲት ደመና በዚህ ተራራ ራስ ላይ ቆማ ውሃዋን ለሁለት እንዲህ ለተራራቁ አገሮች ታካፍላለች። የጠዋቱ ጉም ከቆላው ሲወጣ መንገዱን ከዐይን ይሰውረዋል፤ ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ደግሞ የጭላዳ መንጋ በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይታያል።

ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፈው ዋሻ ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ከወዲህ በደጋው ብርድ ይገባና ከወዲያ ሲወጣ የምሥራቁ አገር እስከ አድማስ ድረስ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያገኘዋል። ይህን ዋሻ የሠራው ኢጣሊያ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን በዚህ ላይ ታሪኩን በሙሉ መናገር ያስፈልጋል፤ ጎደሎ ታሪክ ከሐሰት የሚለየው በጥቂት ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ወደ ደሴ የሚሄደው የመኪና መንገድ የተጀመረው በኢጣሊያ ዘመን አይደለም። ከወረራው በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት በዶማና በአካፋ፣ በሰው ጉልበት ያስጠረገው መንገድ ነበረ፤ በበጋ ጊዜ ካሚዮን ያሳልፍ ነበር። በበቅሎ ከሳምንት በላይ ይፈጅ የነበረውን ጉዞ ያሳጠረው ይህ መንገድ ነው። በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ሠፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ፤ ኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲደበድቧት የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በዚህ ጎዳና ወደ ሰሜን ከዘመተው ወታደር ብዙው አልተመለሰም።

ከማይጨው ጦርነት በኋላ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 7 ቀን የተያዘችውን ደሴን መነሻ አድርጎ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከ1,500 በላይ በሚሆኑ ተሽከርካሪዎች ወታደር አሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። በጣርማ በር ላይ ግን ጉዞው ተገታ። ኢትዮጵያውያን መንገዱን በድማሚት አፍርሰውት ነበርና፣ ያ ሁሉ ካሚዮን በጭቃና በዝናብ ውስጥ ተሰልፎ ወታደሩ ድንጋይ እየተሸከመ እስኪጠግነው ድረስ ለመቆም ተገደደ። ጥገናው በመጨረሻ ተፈጸመና ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ የራሳችን ሰዎች በዶማና በአካፋ የጠረጉት መንገድ ለጠላት መግቢያ ሆነ፤ የራሳችን ሰዎችም የደከሙበትን መንገድ በገዛ እጃቸው ለማፍረስ ተገደዱ። በዚህ ጎዳና ላይ ከተፈጸመው ሁሉ ይህ ሳይመረው አይቀርም፤ መንገድ የሠራ ሰው መንገድ ማፍረስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት ኢጣሊያ ጎዳናውን አስፍቶ፣ ተራራውን በስቶ፣ ድልድይ ሠርቶ የነበረው ለኢትዮጵያ ልማት አስቦ አይደለም። ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ ጦሩን በፍጥነት ለማመላለስና አገሪቱን ጨብጦ ለመግዛት ነው። ዋሻውንም በፋሺስቱ መሪ በሙሶሊኒ ስም ሰይሞት ነበር። በሥራውም ላይ ከኢጣሊያ የመጣ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ከነጭ ሠራተኛ በጣም ባነሰ ደሞዝ የተቀጠረ የአገራችን ሰው ላቡን አፍስሶበታል። የነዚያ ሰዎች ስም በዋሻው በር ላይ አልተጻፈም። በዚያው ዘመን በመንዝ፣ በቡልጋና በይፋት ተራሮች የነበሩት እነ ራስ አበበ አረጋይን የመሳሰሉት አርበኞች ደግሞ ጠላት በዚህ መንገድ ያለ ሥጋት እንዳይሄድ አድርገውት ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከጠላት እጅ ከወጣች በኋላ፣ የደቡብ አፍሪካ አንደኛ ብርጌድ ሚያዝያ 5 ቀን ከዋና ከተማይቱ ተነሥቶ በዚሁ ጎዳና ወደ ሰሜን ገሠገሠ። ኢጣሊያኖች በኮምቦልቻ ተራሮች ላይ መሽገው ነበርና ለብዙ ቀናት ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ የኢትዮጵያ አርበኞችም ከብርጌዱ ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። ደሴ እጇን የሰጠችው ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ባዶሊዮ ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ባመራበት ቀን፣ በአምስተኛው ዓመት መሆኑ ነው። ጠላት ለራሱ ኀይል ያሰፋው ጎዳና የገዛ ጦሩን ማባረሪያ ሆነ። መንገድ የሚያሳልፈውን ሰው አይመርጥም፤ የሚመርጥለት ሕዝቡ ነው።

ወደ ጉዟችን እንመለስ። ከዋሻው እንደ ወጡ ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ በገደሉ ጎን ይወርዳል፤ ልምድ ያለው ሾፌርም በማርሽ እየያዘ እንጂ ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ አይወርድም። በ190ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ሲና በዳገቱ ወገብ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በቆሎዋ የታወቀች ናት። አውቶቡስ በቆመ ጊዜ ቆሎ ሻጮች በየመስኮቱ ይቀርባሉ፤ ከዚያ የሚያልፍ ሰው ለቤተ ሰቡ ሳይገዛ አያልፍም። ከከተማይቱ በስተደቡብ በገደሉ ፊት ላይ የሚታየው ጥቁር ደን ወፍ ዋሻ ይባላል፤ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የበቀሉበት ከጥንት ጀምሮ የተጠበቀ ደን ነው። አባቶች ያስጠበቁት ይህ ደን ባይኖር ኖሮ የተራራው አፈር በየክረምቱ ወደ ቆላው በተንሸራተተ ነበር።

ከደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት የደረሰ መንገደኛ ከጣርማ በር ጫፍ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርዷል። በደጋው የደረበውን ካፖርት እዚህ ያወልቃል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላው፣ ማሾውና ትምባሆው ይታያል። ይህ አገር ይፋት ነው። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው እስላማዊው የይፋት መንግሥት፣ ወደ ዘይላ ወደብ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ይዞ የከበረው በዚሁ በተራራው ግርጌና በቆላው መካከል ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር የተዋጉት ስለዚሁ መተላለፊያ ነበር ማለት ይቻላል። በቅርብ ዘመን የታሪክ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ እንደ ኖራ ያሉ የጥንት ከተማዎች፣ የድንጋይ መስጊዶቻቸውና የመቃብር ሥፍራዎቻቸው በይፋት ዳገት ሥር ተገኝተዋል። ስለዚህ መኪናው በ10 ደቂቃ የሚያልፈው ሥፍራ የብዙ መቶ ዓመት ሥልጣኔ የተኛበት ነው።

ከሮቢት በስተሰሜን ጀውሃንና አጣዬን አልፎ ካራ ቆሬ ይገኛል። ይህች ከተማ በታሪክ የምትታወሰው በሐዘን ነው። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የደረሰው ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አጠፋት፤ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት አፈረሰ፤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውንም አውራ ጎዳና ሰነጠቀው፤ ናዳም ጣለበት። ምክንያቱ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ ዳገት የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ መሆኑ ነው፤ ደጋው በአንድ ወገን፣ ቆላው በሌላ ወገን ቀስ በቀስ እየተላቀቁ ስለሆነ መሬቱ አልፎ አልፎ ይናወጣል። ሰው መንገዱን ሠርቶ ጨረስኩ ሲል፣ ምድሪቱ ሥራዋን ገና አልጨረሰችም።

ለዚህም ነው መንገድ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ያስፈለገው። ከነጻነት በኋላ ጦርነቱ የጎዳቸው መንገዶች በየክረምቱ እየተበላሹ ሄዱ። መንግሥት በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዐዋጅ ተቋቋመ። የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ በጋዜጣ ብዙ የማይነገርለት ነው፤ አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፤ ቦይ ሲጠረግ ግን ማንም አያጨበጭብም። ሆኖም የተራራን መንገድ የሚገድለው ከጎማው ይልቅ ውሃው ነው። አንድ ቦይ በአፈርና በድንጋይ በተደፈነ ጊዜ የዝናቡ ውሃ መውረጃ አጥቶ በአስፋልቱ ላይ ይፈስሳል፤ ጠርዙን ይቦረቡራል፤ ከሥር ገብቶ የድጋፍ ግንቡን ያላላል፤ በመጨረሻም በአንድ ሌሊት መንገዱ ከነግንቡ ወደ ገደል ይወርዳል። ለዚያ ቦይ መጥረጊያ የሚበቃው ግን አንድ አካፋ የያዘ ሠራተኛና በወቅቱ የተፈረመ አንድ የወጪ ትእዛዝ ነበር።

ከአጣዬ በፊት ያለፍናት ሰንበቴ የገበያ ሥፍራ ናት። በገበያዋ ቀን አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እህሉን፣ ከብቱንና ጨርቁን ይዞ ይገናኛል። ከካራ ቆሬ በኋላ ከሚሴ፣ ከከሚሴም በኋላ የጨፋ ረግረግ ይቀጥላል፤ በበጋ ጊዜ የቆላው ሣር ሲደርቅ አርብቶ አደሩ ከብቱን እየነዳ የሚመጣበት ለምለም መስክ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ የቦርከና ወንዝ መንገዱን ሲከተል፣ መንገዱም ወንዙን ሲከተል ኮምቦልቻ ይደረሳል። ኮምቦልቻ መገንጠያ ናት፤ በስተምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በሰኞ ገበያዋ በታወቀችው በባቲ አልፎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በአዋሽና በሚሌ በኩል የሚያልፈው የቆላ ጎዳና ከመሠራቱ በፊት፣ ከአሰብ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት ሁሉ በዚህ መንገድ ወጥቶ ጣርማ በርን ይሻገር ነበር። ያን ጊዜ በዋና ከተማይቱ ቤት ውስጥ ከነበረው ዕቃ ምን ያህሉ በዚያ ዋሻ እንዳለፈ ሰው አስቦት አያውቅም።

ከኮምቦልቻ በኋላ የሚቀረው የሐረጎ ዳገት ነው። መኪናው እያቃሰተ በጥምዝምዙ ይወጣና፣ በጦሳ ተራራ እግር የተቀመጠችው ደሴ ትታያለች። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያለው በዚህች ከተማ ነው። በሰገሌ ሜዳ ስማቸውን ያነሣናቸው ንጉሥ ሠራዊታቸውን አስከትለው የወጡት ከዚህ ስለ ነበር፣ መነሻውና መድረሻው በዚህ ይገናኛሉ።

አድማጮቻችን ሆይ፤ ይህ ሁሉ የጥንት ነገር ነው የሚል ቢኖር የቅርቡን ዘመን ያስታውስ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ወራት የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ በዚሁ ጎዳና እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሶ ነበር። ቆሎ ሻጩ፣ ገበሬው፣ የገበያው ነጋዴ ሁሉ ቤቱን ጥሎ በዚያው መንገድ ተሰደደ። በሰገሌ እንደ ሆነው ሁሉ፣ በዚህም ጊዜ በሁለቱም ወገን የወደቀው የአንድ አገር ልጅ ነበር። ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ በዚህ ጎዳና ላይ ወገን ከወገኑ ተዋጋ፤ የውጭ ጠላት አንድ ጊዜ ገባበት፣ አንድ ጊዜም ተባረረበት።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት እንዲህ ነው። የመንገድ ባለቤት የሠራው ብቻ አይደለም፤ ኢጣሊያ ሠርቶት አልቀረለትምና። በጦር የያዘውም ባለቤት አይሆንም፤ ከያዙት ሁሉ የቀረ የለምና። ባለቤቱ ሰንበቴ ገበያ የሚወርደው ገበሬ፣ በረግረጉ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው አርብቶ አደር፣ ልጇን ወደ ደሴ ሆስፒታል የምታደርስ እናት ናት። እነርሱ በሰላም የሄዱበት ቀን መንገዱ መንገድ ሆኗል፤ እነርሱ የቆሙበት ቀን ግን አስፋልቱ ምንም ቢያምር የጦር መተላለፊያ ብቻ ነው።

ይህም ነገር የመንግሥት ሠራተኛውን ከማንም ይልቅ ይመለከተዋል። በአዲስ አበባ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚፈረመው ወረቀት፣ የመድኀኒት ይሁን የዘር እህል፣ የመምህር ደሞዝ ይሁን የቦይ ማስጠረጊያ፣ ይህን ዳገት ወርዶ ነው ከባለ ጉዳዩ ዘንድ የሚደርሰው። ወረቀቱ ለአንድ ሳምንት በመዝገብ ቤት ቢያድር በከተማ ማንም አይጎዳ ይሆናል፤ በካራ ቆሬ ዳገት ግን ክረምቱ አይጠብቅም። እንግዲህ ለሥራ ተልከን በዚህ ጎዳና የምናልፍ ሁሉ ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ዐይናችንን ገልጠን ሸለቆውን እንመልከት። የምንጽፈው ደብዳቤ ለማን እንደ ሆነ በዚያ ሥፍራ ከመሥሪያ ቤታችን ይልቅ በግልጽ ይታያል።